ኬን ነፊው ከተማ ሲመርጥ

ድንጋዩ ጣሪያው ላይ ያረፈው እራት እየበሉ ሳለ ነው። ቆርቆሮው ጮኸ፤ ድንጋዩም ተንከባልሎ ጓሮ ወደቀ። ካምፖን በጣቶቹ ያድበለበለውን ሩዝ ወደ ቅርጫቱ መለሰው። ሚስቱ ፒኩን ቀና አላለችም። ልጃቸው ኖይ ግን ጣሪያውን አየችና፣

«አባዬ፣ ማንጎ ነው የወደቀው?» አለች።

«አዎ፣ ማንጎ ነው።»

በዚያ ጓሮ የማንጎ ዛፍ እንደሌለ ልጅቷም ታውቃለች። ግን አልተከራከረችም፤ ወደ እናቷ ጠጋ ብላ መብላቷን ቀጠለች።

ካምፖን በዚያ መንደር ተወልዶ ያደገ፣ የሚያርሰው ትንሽ የሩዝ ማሳ ያለው ሰው ነው። የሚታወቀው ግን በማሳው አይደለም፤ በኬኑ ነው። ኬን ቀጫጭን ሸምበቆዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረው የሚሠራ፣ ትንፋሽ ሲያስገቡበትም ሲስቡበትም የሚጮህ መሣሪያ ነው። ከባንኮክ ርቆ በሚገኘው በዚያ አገር ዘፋኝ ያለ ኬን አፉን አይከፍትም። ሰው በጠና ሲታመምም የሰማይ መናፍስትን የምትለምን አሮጊት ትጠራለች፤ እሷ ስትዘፍን ኬን ነፊው አጠገቧ ተቀምጦ ይነፋላታል። በሽተኛው የሚድን ከሆነ ተነሥቶ ይጨፍራል።

በዝናቡ ወራት የመንደሩ ሹም ምራት ታመመች። አሮጊቷም ካምፖንም ተጠሩ። ካምፖን በዝናብ ሮጦ ደረሰ። በፊት ለፊት በኩል ውሻ ስለነበር በጓሮ ዞረ። ቤቱ በምሰሶ ላይ የቆመ ነው፤ ከወለሉ በታች፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ የሴቶች ሽርጥ የተሰጣበት ገመድ ተወጥሮ ነበር። ኬኑን በጨርቅ ከረጢት ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ጎንበስ ብሎ በሽርጦቹ ሥር አለፈ። እሳት ስታነድ የነበረች አንዲት ልጃገረድ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች።

ከመምህር እጅ እውቀት የተቀበለ ሰው በሴት ሽርጥ ሥር አያልፍም። ሳያስበው ካለፈ ደግሞ መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት ለመምህሩ ሻማና አበባ አቅርቦ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ካምፖን ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ነገር ግን ከላይ የበሽተኛዋ ትንፋሽ ሲያጥር እስከ ታች ይሰማ ነበር። «ነገ አደርሰዋለሁ» አለና ደረጃውን ወጣ፤ ነፋም። ሴትዮዋ አልተነሣችም። ሳይነጋ ሞተች።

በማግሥቱ ሻማውንም አበባውንም ለሟቹ መምህሩ ለሱት አቀረበ። ሻማው ሁለቴ ጠፋበት። ነፋስ ነው አለ ለራሱ።

ሰዎቹ የሚሉት እንዲህ ነው። ሕጉን የጣሰ ሰው እውቀቱ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል። በስብሶም እውቀት መሆኑ ይቀርና ጉበት በላ ይሆናል። ያደረበት ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ወይም ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ሲስቅ፣ ያ ነገር ወጥቶ የጎረቤቱን ጉበት ይበላል። የተበላው ያተኩሰዋል፣ ይገረጣል፣ ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ያደረበት ሰው ራሱ አለማወቁ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በአንድ ድግስ ላይ ካምፖን ከተጠበሰው ጉበት ለማንሣት እጁን ቢዘረጋ ጨዋታው ሁሉ ቀጥ አለ። የሚያኝክ እንኳ አልነበረም። እጁን አዙሮ ቃሪያ አነሣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድንጋዩ ጀመረ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሹሙ ራሳቸው መጡ። ደረጃው ላይ ተቀመጡና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ቤቱ ደህና ነው፣ ወንድሜ?»

«ደህና ነው፣ አባባ።»

«ጣሪያው አያፈስም?»

«እስካሁን አላፈሰሰም።»

«ይበሳብሃል። የዛሬ ልጆች ባለጌ ናቸው፤ ተው ብያቸው ነበር።» የባርኔጣቸውን ጠርዝ ዳበሱ። «ሰው የሚለውን እኔ አላልኩም። እኔ ሐዘንተኛ ነኝ፣ ምን አውቄ? ግን ጨረቃዋ ስትሞላ ከወንዙ ማዶ ጉበት በላ አባራሪው ይመጣል፤ ሰዉ አዋጥቶ ጠርቶታል። እሱ ከመጣ በኋላ ነገሩ ከእጄ ይወጣል። የማዶዎቹን ቤት ታስታውሳለህ።»

ካምፖን ያስታውሳል። ከዚያ ቤት የቀሩት የከሰሉ ምሰሶዎች ናቸው። አሁን ፍየሎች ይታከኩባቸዋል።

«ያንተ ትንፋሽ ለእኛ ለገበሬዎች ይበዛል» አሉ ሹሙ። «ከተማ የሚገባው ሰው ነህ። ጥሩ ከተማ ምረጥና ቤተሰብህን ይዘህ ሂድ።»

«የት ልሂድ፣ አባባ?»

«እሱን እኔ አልመርጥልህም።»

ፒኩን በነሐስ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ አቅርባላቸው ነበር። ሹሙ አመስግነው ተነሡ። ውሃውን ግን አልነኩትም።

ባልና ሚስቱ በሩን ዘግተው ተማከሩ። ጨረቃዋ ገና ቀጭን ነበረች፤ ጊዜ ቢኖራቸውም ብዙ አልነበረም።

«ሮይ ኤት ቅርብ ነው» አለች ፒኩን። «የዘፋኞቹ ቢሮ ሁሉ እዚያ አይደል?»

«እዚያ ነው። ግን ሰዉ ሁሉ ለድግሱ ዘፋኝ የሚከራየው ከዚያ ነው። የሰፈራችን ሰው በየሳምንቱ ይመላለሳል።»

«እንግዲያው ኡዶን ይሁና። ሩቅ ነው።»

«እዚያም ቢሮ አለ። ቢሮ ባለበት ወሬ አለ፤ ቀስ ብሎ ይደርሳል እንጂ አይቀርም።»

«ባንኮክስ፣ የኖይ አባት? እዚያ ማን ያውቅሃል?»

«ማንም። ማንም ስለማያውቀኝ ማንም አይሰማኝም። እዚያ ኬን ይዞ የሚታየው ድልድይ ሥር ተቀምጦ ኩባያ የዘረጋ ሰው ነው።»

ፒኩንን ሳቅ ቢጤ አመለጣት። «እንግዲህ ሰው የሚሰማህ ቦታ ትፈራለህ፣ የማይሰማህ ቦታ ትራባለህ። ሦስተኛ ዓይነት ከተማ እስኪሠራልን እንጠብቅ?»

«አትቀልጂብኝ፣ እባክሽ።»

«ካልቀለድኩ ምን ላድርግ? ልጩህ?» የኖይን ልብስ መጠቅለል ጀመረች። «ሂድና እይ። ዓይንህ ያየውን ይዘህ ና። እኔና ኖይ እናቴ ቤት እንሆናለን፤ እሷ ቤት ድንጋይ አይወረውሩም።»

በማግሥቱ ሮይ ኤት ገባ። ከቅርቡ ከተማ ጀመረ፤ የሩቁን ለመድፈር አቅም አልነበረውም። መንገዱ ዳርና ዳር የዘፋኝ ቢሮ ነው፤ በየበሩ ዘውድ የደፉ ዘፋኞች ሥዕል ተሰቅሏል። አንደኛው ቢሮ ገብቶ ሥራ እንደሚፈልግ ተናገረ። «ንፋና እንስማህ» አሉት። ነፋ። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነፋ፤ ጥቂት ጊዜ ፍርሃቱ ተወው።

ዓይኑን ሲገልጥ ከጎረቤት ቢሮ አንድ ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ብቅ ብሎ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ!» አለ ሽማግሌው እየሳቀ። «ትንፋሹን ሲመልስ እንዲህ የሚያንቀው መምህር ሱት ብቻ ነበር። ከመቃብር ተነሣ እንዴ? እስቲ አምጣው፣ እኔም ልሞክረው!» ኬኑን ተቀብሎ ወደ አፉ እያስጠጋ ጠየቀ። «የት ሰፈር ነህ አንተ? የሱት ተማሪ በወንዙ በኩል አንድ ብቻ ነው የቀረው ሲሉ ሰምቼ ነበር። እሱም...»

ቃሉን ሳይጨርስ ተወው። ሳቁ ፊቱ ላይ እንደነበረ ቀርቶ ዓይኑ ብቻ ተለወጠ። ኬኑን ከንፈሩ ሳይነካው መለሰለት፤ መዳፉንም ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ከያሶቶን ነኝ» ሲል ዋሸ ካምፖን።

«ያሶቶን ጥሩ አገር ነው» አለ ሽማግሌው ወደ ኋላው እየሄደ።

ካምፖን ክፍያውን እንኳ ሳይጠይቅ ወጣ። አውቶቡስ መናኸሪያው አንዲት ሻጭ በእንጨት የተሰካ ጥብስ አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። «ጉበት አለ፣ ወንድም ጋሼ! ትኩስ ጉበት!» ወደ ኋላ ሲፈናጠር የሰው እግር ረገጠ፤ ሰውዬው ሰደበው። ሮይ ኤት አለቀ። ካሁን በኋላ ስሙን መደበቅ እንደማይበቃው ገባው። ትንፋሹም አገሩን ይናገራል።

ኡዶን ሲደርስ ልብሱ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር። እዚያ ያገኛት የዘፋኞች ቡድን ባለቤት እትዬ ማላይ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ጣቷ ሁሉ ቀለበት፣ ስትናገር ሦስት ቤት የምትሰማ ሴት ናት። ግቢዋ ውስጥ ጭነት መኪና ላይ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ይጫኑ ነበር።

«ኬን?» አለችው። «እኛ ጋ ኬን የሚነፋው በመክፈቻው ላይ፣ ለመምህሮቻችን ክብር ነው። ከዚያ ኤሌክትሪኩ ይጀምርና ማን ማንን ይሰማል? ለማንኛውም ንፋ።»

በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም። ትንፋሹን ሆን ብሎ ሰበረው። መምህሩ ያስተማረውን አመላለስ ትቶ እንደ ጀማሪ ደረቅ አድርጎ ነፋ። ሲነፋ የራሱን ቤት በገዛ እጁ የሚያፈርስ መሰለው።

እትዬ ማላይ ጨርሳ አዳመጠችው። «ጣትህ የሽማግሌ ነው፣ ትንፋሽህ የትናንት ልጅ። ምን ሆነህ ነው?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ሙቀት? ይሁን። ጉንፋንህ ሲለቅህ ደመወዝህን እናያለን። የምታድርበት አለህ?»

ከግቢው በስተኋላ የቡድኑ ሰዎች የሚኖሩበት ረጅም የጣውላ ቤት ነበር። ባዶው ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ አጠገቡ ራቲ የምትባል ወጣት ጨፋሪ ገና ከምትጠባ ልጇ ጋር ትኖራለች። ባሏ ባንኮክ ታክሲ ይነዳል። ካምፖን የሕፃኗን ለቅሶ ሲሰማ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ጫፍ ላይ ያለ ክፍል የለም? ከሕፃን ራቅ ያለ?»

«ወይ ጉድ!» አለች ማላይ ለግቢው ሁሉ እንዲሰማ። «ኬን ነፊ ሆኖ ጩኸት ይፈራል! የምትፈራስ እሷ ናት አንተን!»

ሁሉም ሳቁ። ራቲም ሳቀች። ካምፖን ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው።

ሲነጋ የነቃው በሕፃኗ ድምፅ ነው። ለቅሶ አልነበረም፤ የደከመ ማቃሰት ነበር። ራቲ «ፋይ፣ ፋይዬ፣ ጥቢ እንጂ» ስትል በጣውላው ስንጥቅ ይሰማል። «እንደ እሳት ነው የምታቃጥለው!» አለች ለአንዲት ጎረቤቷ። «ማታ ደህና ነበረች እኮ!»

ካምፖን ምንጣፉ ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ። አፉ ውስጥ መራራ ጣዕም ነበር። ሕልም አይቶ ነበር፤ በሕልሙ ይበላ ነበር። ምን ይበላ እንደነበረ ለማስታወስ ቢጥርም አልመጣለትም። እጁን ወደ ብርሃኑ አውጥቶ አገላብጦ አየው። ንጹሕ ነበር። ንጹሕ መሆኑ ግን አላጽናናውም፤ ያ ነገር በእጅ አይበላም።

እስከዚያች ጠዋት ድረስ የሚፈራው ሰውን ነበር። ድንጋዩን፣ አባራሪውን፣ እሳቱን። አሁን የፈራው ምንጣፉ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነው። መንደሩ ተሳስቷል ብሎ በልቡ ሲሟገት ቆይቶ ነበር፤ ክርክሩ ሁሉ በአንዴ ራቀው። ምናልባት ሻማውን ያጠፋው ነፋስ አልነበረም።

ልብሱን ጠቀለለ፣ ኬኑን አነገተ። የባንኮክ ባቡር በጠዋት እንደሚነሣ ሰምቷል። ኩባያም ቢሆን፣ ድልድይም ቢሆን፣ ከዚህ ይውጣ እንጂ። በሩን ከፍቶ ከመውጣቱ ራቲ ጠጉሯ እንደተበተነ ከፊቱ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ! እግዜር ነው የላከህ። ያዝልኝ!»

«እኔ? አይ፣ እኔ እየሄድኩ...»

«መድኃኒት ቤት ደርሼ ልምጣ። ሴቶቹ አሁን ገበያ ወጡ። ፀሐይ ላይ ይዤያት ልሮጥ? ያዝልኝ እንጂ!»

ሕፃኗን ደረቱ ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች።

ካምፖን ፋይን በተዘረጉ ክንዶቹ ላይ፣ ከሰውነቱ አርቆ፣ ትኩስ ድስት እንደያዘ ሰው ቆመ። ሙቀቷ በጨርቁ አልፎ ይሰማዋል። ፊቷን ለማየት አልደፈረም፤ ዓይኑን ግቢው ውስጥ ካለው ጭነት መኪና ላይ ተከለ። የራሱን ሆድ አዳመጠ። የሚንቀሳቀስ፣ የሚነቃ ነገር ካለ ልጅቷን መሬት አስቀምጦ ሊሸሽ ተዘጋጅቶ ነበር። ሆዱ ጮኸ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ስላልበላ ነው፤ እሱ ግን ያ ነገር ነቃ ብሎ ልጅቷን ሊያስቀምጥ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

ሲቀመጥ ልጅቷ ጭኑ ላይ አረፈች። በትንሽ እጇ የኬኑን ማንገቻ ጨበጠች። ላስለቅቅሽ ቢል አለቀቀችም።

የባቡሩ ጡሩምባ ከሩቅ ተሰማ። ባንኮክም ሕፃናት አሉ፣ አለ በልቡ። ድልድዩ ሥርም እናቶች ልጅ አዝለው ያልፋሉ። ነገሩ በውስጡ ካለ አብሮት ትኬት ይቆርጣል፤ ከሌለ ደግሞ ይህችን ልጅ ጥሎ መሸሹ ምንድን ነው? ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተቀምጦ ማየት። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ ማየት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ራቲ ላብ በላብ ሆና ተመለሰች። ሽሮፑን በማንኪያ ስታጠጣት ልጅቷ ካምፖን ላይ አስመለሰች። «ውይ፣ ሸሚዝህ!» አለች ራቲ። እሱ ግን ትውከቱን ጎንበስ ብሎ በጥንቃቄ መረመረ፤ ደም ይኖርበት እንደሆነ ብሎ። ወተት ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መኪናው ሊወጣ ሲል እትዬ ማላይ ጮኸች። «ኬን ነፊ! ውጣ! ለቅርብ መንደር ድግስ ነው!»

«ዛሬ አልሄድም፣ እትዬ።»

«ምን? በመጀመሪያው ሥራህ?»

«ልጅቷ ታማለች።»

ማላይ ቀለበቶቿን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «ያንተ ልጅ ናት? ትናንት የሸሸሃት አይደለችም?»

«ናት። ሳትድን ከዚህ አልንቀሳቀስም። ብትፈልጊ አባሪኝ።»

ማላይ ለሾፌሩ እጇን አወዛወዘች፤ መኪናው ያለ እሱ ወጣ። ራቲም አብራ ቀረች።

ፋይ የተሻላት ወዲያው አይደለም። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ሲወጣ ካምፖን መሄጃውን ያስባል፤ ሲወርድ ሩዝ ይቀምሳል። መጨረሻ ላይ ሰውነቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ጎረቤት ሴቶች አይተው «ኩፍኝ ነው! የሰፈሩን ልጆች ሁሉ የያዘው ኩፍኝ!» ብለው ሳቁ፤ ካምፖንም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ከሽፍታው በኋላ ልጅቷ ጡት ጎትታ ያዘች።

በሚቀጥለው ሥራ ላይ፣ የቡድኑ ሰዎች ለመምህሮቻቸው ሻማና አበባ ባነሡ ጊዜ፣ ካምፖን ትንፋሹን እንደ ወትሮው ነፋ። የሱትን አመላለስ አልደበቀም። እትዬ ማላይ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆየችና «ጉንፋኑ ለቀቀህ?» አለችው። ሌላ አልጠየቀችም። ደመወዙን ግን ጨመረች።

ጨረቃዋ ሳትሞላ ሄዶ ፒኩንንና ኖይን አመጣ።

«ኡዶንን መረጥክ?» አለችው ፒኩን አውቶቡሱ ላይ።

«አዎ።»

«ወሬው አይደርስም?»

«ይደርሳል።»

ወሬው የደረሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አንድ የወንዝ ማዶ ሰው ለልጁ ሠርግ ዘፋኝ ሊከራይ ቢሮ መጣና ካምፖንን ትክ ብሎ አየው። ለማላይ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት። ማላይ ድምፅዋን ሳትቀንስ «እኔ ጋ ስንት ዓመት ኖሯል፤ ጉበቴ ይኸው፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ ወፍሯል ይላል ሐኪሙ» አለች። ሰውዬው ሌላ ቢሮ ሄደ። ካምፖን በዚያ ሳምንት እንቅልፍ አልተኛም።

ኡዶን ውስጥ እስኪሸብት ኖረ። ኖይ እዚያው አደገች፣ እዚያው ተዳረች። ፋይም ትልቅ ሆና ጨፋሪ ሆነች። በጣውላው ቤት የኖሩ ሴቶች ሁሉ ስለ ካምፖን የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ሲታመም ከአባትየው በፊት የሚደርሰው እሱ ነው። እንዴት ያለ ልጅ ወዳድ ሰው ነው ይላሉ። ፒኩን ግን ለምን እንደሚሄድ ታውቃለች።

በግቢው ውስጥ አንድ ሕፃን አተኮሰው ከተባለ ካምፖን የያዘውን ጥሎ ይሄዳል። አይገባም። ደፉ ላይ ቆሞ አንገቱን ብቻ ያስገባና ይጠይቃል።

«ጠባ?»

«ትንሽ ጠብቷል፣ ጋሼ ካምፖን። ግባ እንጂ።»

«አይ፣ ልሂድ። ደህና ጠባ?»

«ደህና ጠባ።»

ይህን ሲሰማ ነው ወደ ቤቱ ተመልሶ እህል የሚቀምሰው።